ቆመህ ደውልልኝ

«አውቄብሻለሁ» አለች ሄለን።

ሕሊና ጎንበስ ብላ ትንሿን ስልኳን ካልሲዋ ውስጥ መለሰችና ቀና አለች። «ምኑን?»

«ሹፌሩን ነዋ!»

«የምን ሹፌር?»

«ኧረ ባክሽ! ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ሲደርስ ፀጉርሽን ታስተካክያለሽ። ስልክሽ ይጠራል። ዛፉ ሥር ትሸጎጪና ‹እሺ፣ እሺ፣ በጣም ናፍቀኸኛል› ትያለሽ። ከዚያ አንድ አይሱዙ ያልፋል፤ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለብቻሽ ፈገግ ስትይ ትውያለሽ። እኔ ፋራ እመስላለሁ? ፎንቃ ነው! ያውም የጭነት መኪና ፎንቃ!»

ሕሊና መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ሳቋ መጣና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አባቴ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ሄለን የያዘችውን ቀይ የ«ቁም» ምልክት ዝቅ አደረገች። «በናትሽ?»

«እውነቴን ነው።»

«ሼም! እኔ እኮ ምን ብዬ እንደምመክርሽ ሳስብ ነው የከረምኩት። ‹እህቴ፣ ሹፌር በየከተማው ነው የሚጠብሰው› ልልሽ ነበር።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ግን ሰው አባቱን ለማየት ፀጉሩን ያስተካክላል እንዴ?»

ለቀልድ ነበር ያለችው። ሕሊና ግን ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ሁለቱም ከትምህርት ቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ዜብራው ዳር ቆመዋል። በደንብ ልብሳቸው ላይ የትራፊክ ክበቡን ቢጫ ሰደርያ ደርበዋል። የክበቡ ተማሪዎች ጠዋትና እኩለ ቀን፣ ደብረ ማርቆስን ለሁለት በሚከፍለው ዋና መንገድ ላይ እየተፈራረቁ ልጆች ያሻግራሉ። አንዷ «ቁም» የሚለውን ምልክት ይዛ ወደ አስፋልቱ ትገባለች፤ ሌላዋ እጆቿን ዘርግታ ተማሪዎቹን ጠርዙ ላይ ትይዛለች። መኪናው መቆሙ ሲረጋገጥ እጇን ታነሳለች፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ይሻገራሉ። ሐሙስ ተረኞቹ ሄለንና ሕሊና ናቸው።

ሕሊና ወደ ክበቡ የገባችው ስለ መንገድ ደህንነት አስባ አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። መስከረም ላይ መምህር አካለ ወልድ ክፍል ገብተው «በፈቃዱ መንገድ ላይ የሚቆም ማነው?» ሲሉ፣ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ለመመለስ እንኳ እጇን የማታነሳው ሕሊና ከሁሉም ቀድማ አነሳች። መንገዱ አባቷ የሚያልፍበት መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ከቆመች ታየዋለች፤ እሱም ያያታል። ያሰበችው ይህንን ብቻ ነበር።

ድሮ ሉማሜ ሲኖሩ እንዲህ አልነበረም። አባቷ ጌቱ ከሉማሜ ማርቆስ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ይሠራ ነበርና ማታ ማታ ቤት ይገባል። የመኪናውን ቁልፍ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሲሰቅለው ድምፁን ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እንቅልፍ ይወስዳታል። እናቷ ከሞተች በኋላም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ኖሩ። ኋላ የሚኒባሱ ባለቤት መኪናውን ሸጠው፤ ጌቱም የሰው አይሱዙ ይዞ ሽንኩርትና ድንች ወደ አዲስ አበባ ማመላለስ ጀመረ። ልጅ ብቻዋን አታድርም ተባለና ሕሊና ማርቆስ፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ እትዬ ታየች ጋ ተላከች። የሉማሜው ቤት ተከራየ።

አሁን አባቷ ያላት በስልክ ነው። ስልክ የሚደውልላት ደግሞ ሲነዳ ነው። ሲጭን ከደላላ ጋር ይከራከራል፤ ሲያራግፍ ከወዛደር ጋር ይሯሯጣል፤ ሲያርፍ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጊዜ የሚያገኘው መሪ ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕሊና የአባቷን ድምፅ ያለ ሞተር ድምፅ ሰምታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ማርሽ ሲቀይር ትሰማለች። ዳገት ላይ መሆኑን፣ ቁልቁለት ላይ መሆኑን ከሞተሩ ታውቃለች። አንዳንዴ ወሬያቸው መሀል «ቆይ!» ይልና ዝም ይላል፤ ረጅም ክላክስ ይሰማል፤ ከዚያ «እሺ፣ ምን እያልሽኝ ነበር?» ይላታል። ይህም ለሷ የአባቷ አነጋገር አንድ ክፍል ሆኖ ነበር።

ዛሬም የደወለው ከተማው መግቢያ ላይ ሆኖ ነው። «ሕሊዬ፣ ገባሁ። ቆመሻል?» ነበር ያላት። «ቆሜያለሁ። በቀኝህ በኩል ነኝ፤ እንዳታልፈኝ» ነበር ያለችው። ዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ማቆም ክልክል ነው፤ ትራፊክ ይቀጣል። ስለዚህ አባቷ አይቆምም። ቀስ ይልና በጋቢናው መስኮት ያያታል፤ ታየዋለች፤ ያልፋል። አንዳንዴ መልኩን እንኳ በደንብ ሳትለየው ነው የሚያልፈው። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ይበቃታል።

ደወሉ ተደወለ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች በሩን ሞልተው ወጡ። አጠገብ ካለው አንደኛ ደረጃ የወጡት ትንንሾቹም ከኋላቸው ቦርሳቸውን እያንገላቱ መጡ። ሕሊና እጆቿን ዘረጋች። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የኅዳር ብርድ ፀሐይ እያለም ጆሮ ይቆነጥጣል።

«ጠብቁ! አትግፉ! አንተ ሰፊ ቦርሳ፣ ወደ ኋላ!» እያለች ሄለን ምልክቱን ከፍ አድርጋ ወደ አስፋልቱ አንድ እርምጃ ገባች። አንድ ባጃጅ ቆመ። ከባጃጁ በስተኋላ የነበረው ሌላም ቆመ።

ከዚያ አይሱዙው መጣ። ሕሊና ከሩቅ አወቀችው፤ ሸራው ላይ ያለውን ሰማያዊ እራፊ የሰፋችው እትዬ ታየች ናት። መኪናው የቆሙትን ባጃጆች በግራ በኩል አልፎ ቀረበ። የአባቷ ፊት በመስኮቱ ታየ። ጺሙ አድጓል። አንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዟል፤ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ነበር። ወደ ቀኝ አጎንብሶ በተማሪዎቹ መሀል ሲፈልጋት አየችው። አገኛት። ፊቱ በራ። መሪውን የያዘውን እጁን አነሳና አውለበለበላት።

ሕሊናም እጇን አነሳችና አውለበለበች።

እጇ ሲነሳ ከኋላዋ የነበሩት ሁለት ትንንሽ ልጆች ወደ አስፋልቱ ሮጡ። እጅ ሲነሳ «ሂዱ» ማለት እንደሆነ ራሷ ናት ያስተማረቻቸው።

ሄለን ጮኸች። ዘላ ልጆቹን በደረቷ ወደ ኋላ ገፋቻቸው። ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የአይሱዙው የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮው፣ ቀዩን ምልክት መትቶ ከሄለን እጅ አስፈነጠረው። ምልክቱ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሄለን እጇን ሆዷ ላይ ይዛ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። አይሱዙው ሳይፈጥንም ሳይዘገይም መንገዱን ቀጥሎ ከታክሲ ማቆሚያው ወዲያ ጠፋ።

ከትንንሾቹ አንዷ፣ ሂዊ የምትባል ጥርሷ የወለቀ ልጅ፣ ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰው ተሰበሰበ። መምህር አካለ ወልድ ከግቢው እየሮጡ መጡ።

«ተርፋችኋል? ሁላችሁም ተርፋችኋል? ሄለን፣ እጅሽን አሳዪኝ። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ እስቲ። ማነው? የትኛው መኪና ነው? ታርጋውን ያየ?»

ሄለን ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። መምህሩ ወደ ሕሊና ዞሩ። «አንቺስ?»

ሕሊና ያንን ታርጋ እንደ ራሷ ስልክ ቁጥር ታውቀዋለች።

«አላየሁም፣ ቲቸር» አለች።

በዚያው ቅጽበት ካልሲዋ ውስጥ ስልኳ መንዘር ጀመረ። ቆሞ እንደገና ነዘረ። ሰው ሁሉ ሄለንን ይዞ ወደ ግቢ ሲገባ ሕሊና ከአጥሩ ጀርባ ተጠግታ አነሳችው።

«አየሁሽ!» አለ አባቷ። ድምፁ በደስታ ተሞልቷል። ሞተሩ ከኋላው ይጮኻል። «አየሁሽ እኮ፣ የኔ ዓለም! አድገሻል! ያ ቢጫ ነገር ደግሞ ሲያምርብሽ! እጅሽን ስታውለበልቢ እናትሽን መሰልሽኝ።»

«አባዬ…»

«አቤት?»

«ምንም… ምንም ነገር አልሰማህም?»

«የምን ነገር? አዎ፣ የናንተ ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ እንዴ? ስፖኪዮዬን አጣመሙት። ባለጌዎች!» ሳቀ። «ቆይ!» ረጅም ክላክስ ተሰማ። «እሺ፣ ምን እያልሽኝ ነበር?»

«ምንም» አለች ሕሊና። «በሰላም ግባ።»

በማግስቱ ሄለን እጇን በነጠላ አንጠልጥላ መጣች። ክፍሉ ሁሉ ከበባት።

«ሐኪም ቤት ራጅ አነሱኝ፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ ወለምታ ነው አሉ። እናቴ ግን አላመነችም፤ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ» አለች ሄለን። «ሰውየው ቅቤ ቀባኝና እጄን እንደታጠበ ብርድ ልብስ ጠመዘዘው! ‹አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ያልቃል› ይለኛል፤ ነፍሴ ናት ያለቀችው!»

ሁሉም ሳቁ። ሕሊናም ልትስቅ ሞከረች።

መምህር አካለ ወልድ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ክበቡ በሚኒ ሚዲያ መልእክት እንደሚያስተላልፍ ነገሯቸው፤ እያሽከረከሩ ስልክ ስለሚያወሩ ሹፌሮች። ሄለን ወዲያው «ሕሊና ትጻፈው፣ እኔ አነበዋለሁ» አለች። «ድርሰት ላይ እሷን የሚያህል የለም። እኔ ደግሞ አፍ አለኝ።»

ሕሊና ማታ ለመጻፍ ተቀመጠች። «አሽከርካሪዎች ሆይ» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። «አንዳንድ ኃላፊነት የጎደላቸው ሹፌሮች» ብላ ጻፈች። ያንንም አየችው። ኃላፊነት የጎደለው። አባቷ ለሷ ጫማ ለመግዛት ራሱ በሸበጥ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ነው። የመኪናው ጌታ የላከለትን የበዓል ሥጋ እንዳለ ማርቆስ የሚልክ ሰው ነው። ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልተጨረሰውን ወረቀት ይዛ ሄለን ቤት ሄደች። የሄለን እናት ገበያ ወጥታለች። ሄለን በረንዳው ላይ፣ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አስቀምጣ፣ በሌላው እጇ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ጻፍሽው?»

«አልቻልኩም።»

«አንቺ? በዓለም ላይ ያለውን ቃል ሁሉ የምታውቂው?» ቆሎ ዘገነችላት። «እኔ ምን እንደምትጽፊ ልንገርሽ? እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው ምን እያየ ነበር? እኔ እኮ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ቢጫ ለብሼ፣ ቀይ ይዤ! ከዚህ በላይ በምን ልታይ? እንደ ነፋስ ነው ያለፈኝ፤ በቀን ከሚያልፈው አይሱዙ ሁሉ የትኛው እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ማታ ማታ ሳስበው እጄን አይደለም የሚያመኝ። እንደሌለሁ መሆኔ ነው።»

ሕሊና የተዘገነላትን ቆሎ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«እኔን ነው» አለች።

«ምኑ?»

«አባዬ ሲያይ የነበረው እኔን ነው።»

ሄለን መቆርጠሟን አቆመች። ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ እየጫረች ነበር፤ ከዶሮዋ በቀር ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ታርጋውን አላየሁም አላልሽም?»

«አውቀዋለሁ። ሳላየውም አውቀዋለሁ። ልጆቹም የሮጡት እኔ እጄን ስላነሳሁ ነው። ላውለበልብለት ብዬ።» ድምፏ እየቀጠነ ሄደ። «ስልክ የሚያወራውም… እየነዳ ነው ሁልጊዜ የሚደውልልኝ። አውቃለሁ። ዝም ብዬ አወራዋለሁ። ከዚያ ውጭ አላገኘውም።»

ሄለን የቀረውን ቆሎ ከእጇ አራገፈች። ቀልድ የማይጠፋው ፊቷ እንዲህ ሲጠቁር ሕሊና አይታው አታውቅም።

«እናቴ አሁን ትመጣለች» አለች ሄለን። «ሂጂ።»

ሕሊና ተነሳች። የውጭው በር ላይ ስትደርስ ሄለን ከኋላዋ ጠራቻት።

«እሱ ያውቃል? እኔን መምታቱን?»

«አያውቅም። ድንጋይ የተወረወረበት ነው የመሰለው።»

«ድንጋይ!» አለች ሄለን። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አይታወቅም ነበር። «ይወቅ እንግዲህ!»

እትዬ ታየች ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። አክስቷ ደጃፉ ላይ ብርሃን ሳለ ልትጨርስ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። ሕሊና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቅዳሜ አባቷ ከአዲስ አበባ የሚመለስበት ቀን ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ደጀን ከመድረሱ በፊት ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል። ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚደውለው። ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ጥሪ ይህ ነው፤ ዳገት ላይ መኪናው ስለሚያዘግም ብዙ ያወራሉ።

ስልኩ ጠራ።

«ሕሊዬ! አለሁ፣ ዳገቱን እየጨረስኩ ነው። ሲሚንቶ ነው የጫንኩት፣ መኪናው እንደ ሽማግሌ ያስላል። ምን በላሽ? እትዬሽ ደህና ናት?»

ሕሊና ዓይኗን ጨፈነች። ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማታል። ድምፁ ከሱ በላይ ሞቅ ብሎ ይመጣል። አንድ ቀን ሙሉ እንዲያወራላት ፈለገች። ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ መኪናው ሳል፣ ስለ ምንም።

«አባዬ፣ እየነዳህ ነው?»

«ታዲያ ተኝቼ ዳገት ልውጣ?»

«አንድ ነገር ልነግርህ እፈልጋለሁ። ግን እየነዳህ አይደለም።»

«ንገሪኝ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም። ቆመህ ደውልልኝ።»

«ሕሊና! አታስጨንቂኝ…»

«ቆመህ ደውልልኝ፣ አባዬ» አለችና ዘጋችው።

ስልኩ ወዲያው ጠራ። ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ። እትዬ ታየች እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«አታነሺውም እንዴ? ጌቱ አይደለም?»

«እየነዳ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ መቼ ነው ሳይነዳ ደውሎ የሚያውቀው? ምን ነካሽ? ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ሆደ ባሻ ነው። ተቀይሞ ቢቀርስ?»

ሕሊና ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። እሷም የምትፈራው ይህንኑ ነው። ያላት ይህች ክር ብቻ ናት፤ በገዛ እጇ ብትበጥሳትስ? ጣቷ አረንጓዴው ቁልፍ ላይ ሄዶ ተመለሰ። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠርቶ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ዝምታው ከጥሪው ባሰ። ፀሐይዋ ጠለቀች። እትዬ ታየች ስፌቷን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች፤ ከበሩ ላይ ግን ዞራ ዞራ ታያታለች። ሕሊና ዳገቱን በዓይነ ልቡናዋ አየችው፤ በአንዱ ወገን ገደል፣ በሌላው ቋጥኝ። «ምን ሆና ነው?» እያለ ያስባል። እያሰበ ደግሞ ይነዳል። ምነው ባላስጨነቅሁት አለች። ምነው ሐሙስ ዕለት በነገርኩት። ምነው መስከረም ላይ እጄን ባላነሳሁ።

ስልኩ ሲጠራ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ።

«ቆሜያለሁ» አለ አባቷ።

ከድምፁ ጀርባ ሞተር አልነበረም። ነፋስ ብቻ ነበር፤ ከሩቅ የሚጮህ ውሻም። የአባቷ ድምፅ እንዲህ ራቁቱን ሲመጣ የሌላ ሰው መሰላት፤ ካሰበችው በላይ የደከመ፣ ካሰበችው በላይ ያረጀ።

«ደጀን መግቢያ ነኝ። ጥግ ይዤ አጥፍቼዋለሁ። በይ ንገሪኝ፤ ልቤ ሊቆም ነው።»

ነገረችው። ስለ ምልክቱ፣ ስለ ሂዊ፣ ስለ ሄለን እጅ፣ ስለ ራሷ እጅ። ድንጋይ የወረወረ ልጅ እንደሌለ ነገረችው። ታርጋውን አላየሁም ማለቷንም ነገረችው። እሱ አንዴም አላቋረጣትም። ስትጨርስ የጋቢናው በር ሲከፈት፣ ከዚያም እግሩ ጠጠር ላይ ሲወርድ ሰማች።

«አባዬ?»

«አለሁ። ልጆቹ… አልተነኩም?»

«አልተነኩም።»

«ልጅቷስ? እጇ ተሰበረ?»

«ወለምታ ነው።»

«ማነው ስሟ ያልሽኝ?»

«ሄለን።»

«ሄለን» አለ፤ ስሙን እንደሚያጠና ሰው። «እኔ እኮ አላየኋትም፣ ሕሊዬ። ማርያምን! አላየኋትም። አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።»

«አውቃለሁ።»

ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም።

«ዛሬ ከዚህ አልነቃነቅም» አለ ጌቱ። «ጌታው ቢፈልግ ይቆጣ፤ እዚሁ አድራለሁ። ነገ ማርቆስ ስገባ ወደ ልጅቷ ቤት ትወስጂኛለሽ።»

«መኪናውን የት ታቆመዋለህ? ዋናው መንገድ ላይ አይቻልም ትል የለ?»

«ከትምህርት ቤታችሁ ወዲህ ያለው ማደያ ጋ አቆመዋለሁ። ዘበኛውን አውቀዋለሁ። ከዚያ በእግሬ እመጣለሁ።»

ማደያው ከትምህርት ቤቱ በር የራቀ አይደለም። ልጆች በእረፍት ሰዓት ማስቲካ ሊገዙ ሮጠው ሄደው ይመለሳሉ። ማደያው መስከረምም፣ ጥቅምትም፣ በእያንዳንዱ ሐሙስም እዚያው ነበረ። ሕሊና ይህን አሰበች።

«እሺ» አለች። «እጠብቅሃለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጌቱ መኪናውን ማደያው ጋ አቁሞ በእግሩ መጣ። ሕሊና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ቆየች፤ ከዚያ እጁን ይዛ ሄለን ቤት ወሰደችውና በሩን አንኳኳች።